ካርዱ የት ነው?

ማንበባችሁን ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የልጆቻችሁ የክትባት ካርድ በዚህች ሰዓት የት ነው ያለው? ጥያቄዬ በተለይ ለእኛ ለአባቶች ነው። እናቶች ብዙውን ጊዜ መልሱን ያውቁታል። እኔ ግን በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. አንዲት ነርስ ይህንኑ ስትጠይቀኝ የታመመ ልጄን ታቅፌ መልስ አጥቼ ቆሜያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ ስለተማርኩት ነገር ነው። መጻፉ ቀላል አልሆነልኝም፤ ሆኖም አንድ ቤተሰብ እንኳ ከእኔ ስሕተት ቢማር ደስ ይለኛል።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ፣ በጨፋ ሮቢት ነው። አገሩ ሞቃት ነው። ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ረግረግ በበጋ ወራት ከአፋር በኩል የሚመጡትን አርብቶ አደሮች ከነከብቶቻቸው ያስተናግዳል። ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ግቢ ይነገራሉ። አብዛኛው ጎረቤታችን ሙስሊም ነው። እኛ የወንጌል አማኞች ጥቂቶች ስለሆንን እሑድ የምንሰበሰበው ሕፃን ከአዋቂ ሳንለይ በአንዲት ጠባብ አዳራሽ ነው። ይህን ማወቃችሁ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ልጃችን የተወለደው ጥር 2013 ዓ.ም. ነው። እንደተወለደ የቲቢ መከላከያውን በክንዱ፣ የፖሊዮውን ጠብታ በአፉ ወሰደ። በ45ኛው ቀን፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት እናቱ አዝላው ጤና ኬላ ሄዳ አስከተበችው። እኔ አንድም ቀን አብሬ አልሄድኩም። ክትባት የእናቶች ሥራ ይመስለኝ ነበር። የሚቀጥለው ቀጠሮ ዘጠኝ ወር ሲሞላው፣ ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ነበር፤ የኩፍኝ ክትባት።

በዚያ ወር ጦርነቱ ወደ ከሚሴ ተጠጋ። ልጆቻችንን ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን። ወደ ቤታችን የተመለስነው ጥር ላይ ልጁ ዓመት ሲሞላው ነበር። በዚያን ጊዜ የሚያሳስበን ብዙ ነገር ነበረብን፤ የተሰበረው በር፣ የተቋረጠው ትምህርት፣ የደመወዙ ነገር። አንድ ማታ ባለቤቴ፣ «የልጁ የኩፍኝ ክትባት እኮ ቀርቷል፤ ነገ ልውሰደው?» አለችኝ። «ዘጠኝ ወር ካለፈው ቆየ እኮ፤ ጊዜው አልፎበታል። ሌላውን ሁሉ ተከትቧል፣ አንዷ ብትቀር ምን ይሆናል?» አልኳት። መምህር ነኝና የማውቅ መስሎኝ ነበር። እሷም ዝም አለች።

እንዲጸለይለት ወሰድኩት

ሰኔ ላይ ባለቤቴን ወባ አስተኛት። ወዲያው ልጁም አተኮሰው። አፍንጫው ፈሰሰ፣ ዓይኑ ቀላ፣ ሳል ያዘው። «እሱም ወባ ይሆናል፤ ወይም ጥርስ ሊያወጣ ነው» አልኩ። እሑድ ነበረና እናቱ ትረፍ ብዬ፣ ደግሞም እንዲጸለይለት ፈልጌ፣ አቅፌው ወደ አምልኮ ሄድኩ። ወገኖች እንደ ልማዳችን እየተቀባበሉ አቀፉት፤ እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። ከጎኔ አንዲት እህት የሰባት ወር ሴት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ልጄ ራሱን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ሲያስል ሕፃኗ እጇን ዘርግታ ፊቱን ለመንካት ትሞክር ነበር። ሁላችንም ፈገግ ብለን አየናቸው።

ማክሰኞ ጠዋት ከጆሮው ጀርባ ጀምሮ ፊቱን ሽፍታ ወረሰው። አንዲት ጎረቤታችን ገብታ አየችውና፣ «ኩፍኝ ነው! ኩፍኝ መርፌ አይወድም፤ ቤቱን አጨልሙለት፤ ሐኪም ቤት እንዳትወስዱት» አለች። እውነቱን ለመናገር ልሰማት ነበር። ከእሷ ቀጥለው ግን አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ ጎረቤታችን ገቡ። ፊታቸው ላይ ከልጅነታቸው የቀረ የፈንጣጣ ጠባሳ አለ። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ» አሉኝ። «እኔ ሁለት ወንድሞቼን በፈንጣጣ ቀብሬያለሁ። ያን በሽታ ከትበው ያጠፉልን ሰዎች እኛ ዘንድ በእግራቸው ነው የመጡት። ተነሥና ልጁን ውሰደው፤ አላህ ይማርልህ።»

ነርሷ፣ «አባት፣ ካርዱ የት ነው?» ያለችኝ እንግዲህ ጤና ጣቢያ ስደርስ ነው። ለባለቤቴ ደወልኩ። ከተኛችበት ሆና በደከመ ድምፅ፣ «ከጥቁሩ ሻንጣ የጎን ኪስ ውስጥ ነው። ስንሸሽም ይዤው ነበር» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ያን ሁሉ ንብረት ጥለን ስንወጣ እሷ ያችን ቁራጭ ወረቀት ይዛ ወጥታለች። በወረቀቷ ላይ አንዱ መስመር ባዶ እንዲቀር ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጌታ ይመስገን፣ ልጄ ዳነ። በተከታታይ ሁለት ቀን ቫይታሚን ኤ ተሰጠው፤ ይህ ቫይታሚን በኩፍኝ የተያዘን ልጅ ከዓይነ ስውርነትና ከሞት ለመጠበቅ ይረዳል። ከአሥር ቀን በኋላ ግን ያቺን የሰባት ወር ሕፃን አተኮሳት። እሷ ላይ በረታ። ወደ ሳንባ ምች ዞረባትና ወላጆቿ 11 ቀን ሆስፒታል አደሩ። ሕይወቷ ተረፈ፤ አንዱ ዓይኗ ላይ ግን ነጭ ጠባሳ ቀረ። በዚያ ዓይኗ እስከ ዛሬ አጥርታ አታይም።

የዚያች ሕፃን ካርድ አንዳች አልጎደለበትም። ለዕድሜዋ የሚገባውን ሁሉ ወስዳለች። ለኩፍኙ ክትባት ገና ሁለት ወር ይቀራት ነበር። ክፍተቱ የነበረው በእኔ ቤት ነው፤ ጠባሳው የቀረው ግን በሌላ ሰው ልጅ ላይ ነው።

ነርሷ ያስረዳችኝ

በእነዚያ ቀናት ነርሷ በትዕግሥት ካስረዳችኝ ነገር ዋና ዋናውን ላካፍላችሁ።

ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ከወጣም በኋላ እስከ 4 ቀን ድረስ ይተላለፋል። በሳልና በትንፋሽ የወጣው ቫይረስ በተዘጋ ክፍል አየር ውስጥ እስከ 2 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ባልተከተቡ ሰዎች መካከል አንድ በሽተኛ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል። ስለዚህ እኔ «ወባ ነው» ብዬ ያቀፍኩት ልጅ በዚያች አዳራሽ ውስጥ በሽታውን እየረጨ ነበር። የሚያተኩሰውና የሚያስል ልጅ ካላችሁ ጸሎቱ በቤት ይሁን፤ ጌታ በዚያም ይሰማል።

ክትባቱ ለምን ዘጠኝ ወር ይጠብቃል? እናት ለልጇ በማኅፀን ያወረሰችው መከላከያ በመጀመሪያዎቹ ወራት በደሙ ውስጥ ስላለ ክትባቱን ያዳክመዋል። ያ ሲቀንስ ክትባቱ በደንብ ይይዛል። የእናቱ መከላከያ እያለቀ፣ የራሱ ሳይጀምር ባለው ጊዜ ሕፃኑን የሚጠብቁት በዙሪያው ያሉት የተከተቡ ሰዎች ናቸው። በ9 ወር የሚሰጠው የመጀመሪያው ክትባት ከ100 ልጆች 85 ያህሉን ይጠብቃል። የቀሩትን ለመድረስ ሁለተኛው በ15 ወር ይሰጣል፤ ይህ ሁለተኛ ክትባት በአገራችን የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ወረርሽኝ እንዳይነሣ ከ100 ልጆች 95ቱ ሁለቱንም መውሰድ ይኖርባቸዋል። በዚያው በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ግን ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ ልጆች መካከል መሠረታዊዎቹን ክትባቶች ያሟሉት 43 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ሦስተኛው ነው። ቀጠሮ ያለፈው ልጅ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያ አይጀምርም፤ «አለፈበት» ተብሎም አይተውም። የዕድሜ ገደብ ያላቸው ክትባቶች ጥቂት ናቸው፤ ይህንንም የምትወስነው ባለሙያዋ ናት። ያን ማታ ለባለቤቴ የሰጠኋት መልስ ከራሴ ያመጣሁት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። የኩፍኝ ክትባት በዱቄት መልክ ይመጣል፤ ከተበጠበጠ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አያገለግልም። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ልጆች ስለሚበቃ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ልጆቹን በአንድ ቀን ሰብስባ መክተብ ትፈልጋለች። «በዚህ ቀን ተመለሱ» ስትላችሁ በዚያ ምክንያት ሊሆን ይችላልና አትቀየሙ፤ ቀኑን ግን አትርሱ።

እምነት ካለን ለምን?

አንዳንድ ወንድሞች፣ «እግዚአብሔር ጠባቂያችን ከሆነ ክትባት ለምን ያስፈልገናል?» ይላሉ። እኔ በዚያ ሰሞን ብዙ ካሰብኩ በኋላ ልቤ ያረፈው በኦሪት ዘዳግም ላይ ባለ አንድ ትእዛዝ ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ እዚያ ታዟል። መከታው የሚሠራው ሰው ከመውደቁ በፊት ነው። የሚሠራውም ለባለቤቱ ብቻ ሳይሆን ለእንግዳውና ለጎረቤቱ ልጅም ጭምር ነው። መከታ የሠራ ሰው እምነት ጎደለው አይባልም፤ ያልሠራው ግን ይጠየቅበታል። እኔ በጣራዬ ላይ አንድ ክፍተት ትቼ በዚያ የጎረቤቴ ልጅ ወደቀች።

የሕፃኗን ወላጆች ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ አባቷ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ቆይቶም፣ «ወንድሜ፣ እኛም የትልቁን ልጃችንን ካርድ አይተን አናውቅም፤ ና አብረን እንየው» አለኝ። አየነው። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ቀርቶ ነበር። በማግስቱ ሁለታችን ልጁን ይዘን ሄድን።

ከአራስ እስከ አዛውንት

ያን ካርድ ሳይ ክትባት በሕፃንነት ተጀምሮ በሕፃንነት የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። እስቲ ቤተሰባችሁን በዕድሜ ተራ እያሰባችሁ አብረን እንመልከት።

ሕፃናቱ፦ በአገራችን መደበኛው የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር የሚከላከለው ስድስት በሽታዎችን ነበር፤ ቲቢን፣ ፖሊዮን፣ ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍንና ኩፍኝን። በ1999 ዓ.ም. አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለው ክትባት መጣ፤ የሄፓታይተስ ቢ መከላከያም በዚህ ተጨመረ። በ2004 ዓ.ም. የሳንባ ምች፣ በ2006 ዓ.ም. የሮታ ቫይረስ ተቅማጥ፣ በ2008 ዓ.ም. በመርፌ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት ተከተሉ። ዋናዎቹ ቀጠሮዎች እንደተወለደ፣ በ45 ቀን፣ በ10 ሳምንት፣ በ14 ሳምንት፣ በ9 ወርና በ15 ወር ናቸው።

በየቤቱ የፖሊዮ ጠብታ ይዘው ለሚመጡት በራችሁን ክፈቱ። አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ነፃ መሆኗ በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ቢረጋገጥም፣ ብዙ ልጆች ሳይከተቡ በቀሩበት ቦታ በጠብታው ውስጥ ያለው የተዳከመ ቫይረስ ከልጅ ወደ ልጅ እየተዘዋወረ ተመልሶ ሊበረታ ይችላል። መፍትሔው ልጆችን ሁሉ ማዳረስ ነው።

ወጣት ሴት ልጆች፦ የማኅፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ይመጣል። የሚከላከለው ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ነው። «ልጃችንን በጨዋነት አሳድገናት ይህ ለምን?» የሚሉ ወላጆች አጋጥመውኛል። ክትባቱ የሚሠራው ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት ሲሰጥ ነው። ንጽሕናዋን ጠብቃ ያገባች ልጅም በትዳሯ ውስጥ ይህ ቫይረስ ሊያገኛት ይችላል። እኔ ትልቋ ልጄ ዕድሜዋ ሲደርስ ራሴ ነኝ የምወስዳት።

እናቶች፦ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች የመንጋጋ ቆልፍና የዘጊ አናዳ ክትባት አምስት ጊዜ እንዲወስዱ ይመከራል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከ6 ወር በኋላ፣ አራተኛውና አምስተኛው በየዓመቱ ልዩነት ይሰጣሉ። አምስቱን ያሟላች ሴት በመውለጃ ዕድሜዋ ሁሉ ትጠበቃለች፤ የሚወለደውም ልጅ እትብቱ ከሚቆረጥባት ሰዓት ጀምሮ ከእርሷ የወረሰው መከላከያ ይኖረዋል። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን በማስወገድ ዕውቅና ያገኘችው በዚህ መንገድ ነው።

ባልና ሚስት፦ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን አልወሰድነውም። ቫይረሱ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በወሊድም ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ጉበትን ይጎዳል። ለመጋባት የምትዘጋጁ ወጣቶች አብራችሁ ተመርመሩ፤ ነፃ ከሆናችሁ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚሰጠውን ክትባት ስለመውሰድ ሐኪም አማክሩ።

አባቶችም ከዚህ አንወጣም። መንጋጋ ቆልፍ በአፈርና በእበት ውስጥ ይኖራል። በማጭድ፣ በምስማር ወይም በእሾህ ጠልቆ የቆሰለ ሰው ቁስሉን አጥቦ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ክትባት ሊያስፈልገው ይችላል። ውሻ ቢነክሳችሁ ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል እጠቡና በዚያው ቀን ለክትባት ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን በጊዜው ከተወሰደ ያድናል።

አዛውንቱን አያቶቻችንን ደግሞ በኮሮና ጊዜ አስቡ። በአገራችን ክትባቱ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ቅድሚያ ከተሰጣቸው መካከል አረጋውያንና የቆየ ሕመም ያለባቸው ይገኙበታል። አባትና እናታችሁን ሐኪም ቤት ስትወስዱ የሚያስፈልጋቸው ክትባት እንዳለ ጠይቁላቸው።

ዛሬ በቤታችን

አሁን የሁሉም ካርድ በአንድ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ከበሩ አጠገብ ተሰቅሏል። የባለቤቴም፣ የእኔም አለበት። የሚቀጥለው ቀጠሮ በግድግዳው ካላንደር ላይ ተከብቧል። በኅብረታችንም ሕፃን ለጸሎትና ለምስጋና ወደ ፊት በሚቀርብበት እሑድ፣ ከአገልግሎቱ በኋላ ሽማግሌያችን አባትየውን ለብቻው ጠርቶ፣ «ካርዱ የት ነው?» ይለዋል። እናትየውን አይጠይቅም።

በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ በ1972 ዓ.ም. ታወጀ። ጎረቤታችን እናት ይህን ቀን በቁጥር አያውቁትም፤ ነገር ግን ከእሳቸው በኋላ በሰፈራችን እንደ እሳቸው ያለ ፊት ያለው ልጅ አልተወለደም። በሰው እጅ በተሠራ መከታ ይህን ያህል ማድረግ ይቻላል።

ያቺ ሕፃን አድጋ ዛሬ በሰንበት ትምህርት ከልጄ ጋር አንድ ክፍል ትቀመጣለች። ሥዕል ስትመለከት ራሷን ወደ አንድ ወገን ዘንበል ታደርጋለች። ልጄ ለምን እንደሆነ አያውቅም። ሲያድግ እነግረዋለሁ። እስከዚያው ግን ለእናንተ ነግሬያችኋለሁ።

ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ከእራት በፊት ተነሥና ካርዱን ፈልግ። ባለቤትህን አትጠይቃት፤ ራስህ ፈልገው። ካገኘኸው በኋላ ሁለታችሁም አብራችሁ አንብቡት። ባዶ መስመር ካለ፣ ምንም ያህል ጊዜ ቢያልፍ፣ ነገ ጠዋት ልጁን አንተው እቀፈውና ሂድ። ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ።